«የአባቶች ዜማ ነው» ያልኩት

አያቴ ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በምኩራቡ የመጨረሻ ረድፍ ተቀምጠዋል። ጊዜው 1992 ነው፤ በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከመጣን አንድ ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላንም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከምማርበት የሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ለሰንበት ወደ ቤተሰቦቼ በመጣሁ ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግዕዝ ሲጸልዩና ሲያጸልዩ የኖሩትን የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቄስ አያቴን እጃቸውን ይዤ ወደ ሰፈሩ ምኩራብ ያደረስኳቸው እኔ ነበርኩ፤ በዕብራይስጡ ጸሎት እኔ መሪ፣ እርሳቸው ተመሪ ሆነዋልና ውስጥ ውስጡን ኩራት ይሰማኝ ነበር። ከየሺቫ፣ ከአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ የመጡ ወጣቶች ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ መዝሙሩን ጀመሩ፤ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከፍ አለ፤ ቤቱ በሙሉ አንድ ድምፅ ሆነ። አያቴ ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይህን ዜማ ማን ነው የሰጣቸው?» አሉኝ።

«የአባቶች ዜማ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

አልዋሸሁም፤ ያስተማሩኝን ነው የተናገርኩት። በአዳሪ ትምህርት ቤታችን ያን ዜማ ማንም አላብራራልንም፤ እንደ ሰንበት ወይንና እንደ ሻማው ከጥንት የነበረ ሆኖ ነበር የቀረበልን። ዜማውን የደረሰው ሰው በዚያች ሰዓት በሕይወት እንደ ነበረ፣ የሚኖረውም ኒው ዮርክ እንደ ሆነ፣ የሚሞተውም ገና ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት 1994 እንደ ሆነ ያወቅኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። የእኔ እናት ከብዙዎቹ ዜማዎቹ በዕድሜ ትበልጣለች።

ሰውዬው ረቢና ዜማ ደራሲ ነው፤ ሽሎሞ ካርሊባኽ ይባላል። ስለ ረቢ ሲጻፍ አንቱታ ይገባል፤ እኔም በአንቱታ ጀምሬ ነበር፣ ነገር ግን ተከታዮቹ ራሳቸው «ሽሎሞ» ብቻ እያሉ ይጠሩት ስለ ነበር፣ በኋላ የማነሣውም ነገር ስላለ ተውኩት። በ1925 በርሊን ተወለደ። ቤተሰቡ ለትውልድ የረቢዎች ቤተሰብ ነበር፤ አባቱ በቪየና አጠገብ ባለችው ባደን ከተማ ረቢ ነበሩ፤ የአባቱ ወንድም ዮሴፍ ካርሊባኽ የሐምቡርግ ረቢ ሳሉ ወደ ላትቪያ ተግዘው በ1942 ሪጋ አጠገብ ተገድለዋል። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የሽሎሞ ቤተሰብ ሸሽቶ በ1939 ኒው ዮርክ ገባ፤ አባቱም በማንሃታን 79ኛው መንገድ ላይ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ምኩራብ መምራት ጀመሩ። እርሱ ግን ወጣትነቱን ያሳለፈው በጥብቅ የታልሙድ ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ ከዚያም ሉባቪች ወደሚባሉት ሐሲዶች (አጥባቂ የአይሁድ መንፈሳዊ ማኅበር) ተጠግቶ፣ በ1949 መጨረሻ ከጓደኛው ከዛልማን ሻክተር ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተላከ። ሁለቱ ወጣቶች ከሃይማኖታቸው የራቁ አይሁድ ተማሪዎችን እንዲፈልጉ ነበር የተላኩት። ሻክተር ከጊዜ በኋላ የራሱን የመታደስ እንቅስቃሴ መሠረተ፤ ካርሊባኽ ደግሞ ጊታር አነሣ።

የዚህ ሰው ተጽዕኖ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ትልልቅ ምኩራቦች ሰው እንዴት ይጸልይ እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ሐዛኑ፣ ማለትም የጸሎቱ ዜማ መሪ፣ ከፊት ቆሞ በሠለጠነ ድምፅ ያዜማል፤ አንዳንዱ ዘንድ መዘምራንም አሉ፤ ሕዝቡ በወንበሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ሲነሡ ይነሣል፣ ሲቀመጡ ይቀመጣል። ያ ጥበብ የሚናቅ አይደለም፤ የታላላቆቹን ሐዛኖች ድምፅ በአሮጌ ቅጂ የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን በዚያ አሠራር ጸሎቱን ተሸክሞ የሚሄደው አንድ ሰው ነው። ካርሊባኽ ያንን ሸክም ከአንዱ ትከሻ አውርዶ ለመላው ቤት አከፋፈለው። በእኔ ግምት ዋና ሥራው ይህ ነው፤ የዜማዎቹ ውበት ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

አከፋፈሉ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ጆሮ ያለው ሰው ሊሰማው ይችላል። አብዛኛው ዜማው ሁለት ክፍል ብቻ አለው። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም ድምፁን ሳያስጨንቅ ይገባበታል። ሁለተኛው ከፍ ይላል፤ የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ሁለተኛው ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገረው ያውቀዋል። ከዚያ ተመልሶ ዝቅ ይላል፣ እንደገናም ይነሣል። ቃሉ ያልቅና ዜማው ይቀጥላል፤ «ላይ ላይ ላይ» እየተባለ ያለ ቃል ይዜማል፤ ሐሲዶች ይህን ቃል አልባ ዜማ ኒጉን ይሉታል። መጽሐፍ ማንበብ የማይችል፣ ዕብራይስጥ የማያውቅ፣ ጸሎት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው በሦስተኛው ዙር አብሮ ያዜማል። ካርሊባኽ ራሱ የሙዚቃ ኖታ አንብቦ የሚጽፍ ሰው እንዳልነበረ የሚያውቁት ይናገራሉ፤ ለኔ ይህ ጉድለት ሆኖ አይታየኝም፣ በኖታ የሚያስብ ሰው ዜማውን ማስጌጡ አይቀርም ነበርና። ሃይማኖታዊው ሕግ በሰንበት መሣሪያ መምታትን ስለሚከለክል፣ በጥብቆቹ ማኅበረሰቦች ዘንድ ጊታሩ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀመጥና የቀረው ድምፅ፣ መዳፍና ጠረጴዛ ብቻ ነው። ዜማዎቹ ያለ መሣሪያ መቆም መቻላቸው በየምኩራቡ ለመግባታቸው አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላው ምክንያት የገቡበት ቦታ ነው። በአይሁድ ጸሎት ውስጥ የተወሰኑት ክፍሎች እንደ ግንድ ናቸው፤ ቃላቸውም ሥርዓታቸውም አይነካም። ዓርብ ማታ ከምሽቱ ጸሎት በፊት የሚደርሰው «ካባላት ሻባት»፣ ማለትም የሰንበት አቀባበል፣ ግን በዕድሜው ገና ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ16ኛው መቶ ዘመን በገሊላ ተራሮች ላይ ባለችው ጽፋት ከተማ የነበሩ የካባላ (የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት) ሊቃውንት ናቸው ያወጡት፤ ነጭ ለብሰው ወደ ሜዳ እየወጡ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበሉ ነበር። ስድስት መዝሙራት አሉት፤ ስድስቱን የሥራ ቀናት ያመለክታሉ ይባላል፤ በዕብራይስጡ ቁጥር ከ95 እስከ 99 ያሉትና 29ኛው ናቸው። እኛ በዳዊታችን ቁጥሩን አንድ ዝቅ አድርገን ስለምንቆጥር፣ የመጀመሪያው መዝሙር በግዕዙ 94ኛው ነው፦ «ንዑ ንትፌሣሕ በእግዚአብሔር፣ ወንየብብ ለአምላክነ ወመድኃኒነ»። ከስድስቱ በኋላ «ሌኻ ዶዲ» ይከተላል፤ «ና ወዳጄ፣ ሙሽራዋን ልንቀበል» የሚለው ቅኔ ነው። ደራሲው ሽሎሞ አልካቤጽ በስምንቱ አንቀጾች መነሻ ፊደላት «ሽሎሞ ሌዋዊ» የሚለውን ስሙን ደብቆበታል፤ ሽሎሞ ያው የእኛው ሰሎሞን ነው። በዘጠነኛው አንቀጽ ሕዝቡ ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ ሙሽራዋን ይቀበላል። እንግዲህ ቃሉን አንዱ ሰሎሞን ጻፈው፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሌላው ሰሎሞን ዜማ ሰጠው። ይህ የአቀባበል ክፍል በሕጉ ዓይን ቀለል ያለ በመሆኑ አዲስ ነገር ሲገባበት ብዙ የሚያስነሣው ክርክር የለም። ካርሊባኽ ግንዱን አልነካም፤ የገባው በዚህ በለስላሳው ቅርንጫፍ በኩል ነው።

ከመዝሙራቱ ሁሉ የእርሱን እጅ ይበልጥ የማይበት በ29ኛው ላይ ነው። በዚህ መዝሙር «የእግዚአብሔር ድምፅ» የሚለው ሐረግ ሰባት ጊዜ ይመላለሳል፤ ድምፁ በውኆች ላይ ነው፣ የሊባኖስን ዝግባ ይሰብራል፣ ምድረ በዳውን ያናውጣል። ዕብራይስጡ «ቆል» ይለዋል፣ ግዕዙ «ቃል»፤ ሥሩ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን መዝሙር ሌላ ሰው በነጎድጓድ ያዜመው ነበር። እርሱ ግን በዝግታና በለሆሳስ የሚጀምር ዜማ ነው የሰጠው፤ የሚሰበረው ዝግባ ውስጥህ ያለው ነው እንደማለት። ሲጀምሩት ሕዝቡ በአንድነት ይነሣል። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የጸሎት ሰዓቶች ሁሉ ያ ደቂቃ የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ ይህን የምለው ቀጥሎ የምጽፈውን ሁሉ እያወቅኩ ነው።

በሕይወት ሳለ በኦርቶዶክሱ፣ ማለትም ሕጉን አጥብቆ በሚይዘው የአይሁድ ዓለም፣ ብዙዎች ይርቁት ነበር። ወንድና ሴት አንድ ላይ በተቀመጡበት ይዘምራል፣ ከሂፒዎች ጋር ይውላል፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለባዘኑ ወጣቶች «የፍቅርና የጸሎት ቤት» የሚል ስም የሰጠው ማረፊያ ከፍቷል፤ ከዚያ የወጡ ሰዎችም በ1970ዎቹ እዚህ እስራኤል ውስጥ መቮ ሞዲዒም የምትባለውን መንደር መሥርተዋል። በ1965 ለሶቪየት አይሁድ ነፃነት ለሚታገሉ ተማሪዎች «ዓም ይስራኤል ሐይ»ን ደርሶ ሰጠ፤ ያ መዝሙር ዛሬ በየሰልፉና በየሠርጉ ሲዜም የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። የ79ኛው መንገድ ምኩራብ ግን ትንሽ እንደ ሆነች ነበር። ዜማው በየቤቱ የገባው ይበልጡን ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። «የካርሊባኽ ጸሎት» የሚል ማስታወቂያ በየምኩራቡ በር ላይ መለጠፍ ጀመረ፤ በኦርቶዶክሱም፣ በሕጉ ለዘብ ባሉት በኮንሰርቫቲቩም፣ በሪፎርሙም ዘንድ፤ በሌላ በምንም ነገር የማይስማሙ ሰዎች ዓርብ ማታ አንድ ዓይነት ዜማ ያዜማሉ። በ2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ወጣቶች ያለ ረቢ የመሠረቱት «ቀሂላት ሐዳር»፣ በ2002 ኢየሩሳሌም ላይ የተመሠረተው «ሺራ ሐዳሻ»፣ ሁለቱም መላው ጉባኤ አብሮ የሚያዜምበትን ጸሎት የሚፈልግ ትውልድ ልጆች ናቸው። በሺራ ሐዳሻ የሰንበትን አቀባበል ሴቶች ይመሩታል፤ ይህም የተቻለው ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ምክንያት ነው፣ ያ ክፍል በሕጉ ላይ ቀላል ነውና።

አሁን ልቤ ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ከሞተ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1998፣ «ሊሊት» የተባለው የአይሁድ ሴቶች መጽሔት፣ ካርሊባኽ ያለ ፈቃዳቸው እንደ ነካቸውና እንዳስጨነቃቸው የሚናገሩ ሴቶችን ቃል አወጣ፤ አንዳንዶቹ ሁኔታው ሲደርስባቸው ገና ልጃገረዶች እንደ ነበሩ ተናግረዋል። ክሶቹ በርካታ ዓመታትን የሚሸፍኑ ነበሩ። ተከሳሹ በመቃብር ስለ ነበረ ፍርድ ቤት የቀረበ ነገር የለም፤ ብዙ ተከታዮቹ ተቆጡ፣ ብዙ ምኩራቦች ዝም አሉ፣ ዜማውም እንዲያውም ይበልጥ ተስፋፋ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2018 መጀመሪያ፣ በመላው ዓለም ሴቶች የደረሰባቸውን በሚናገሩበት ወቅት፣ ራሷ ዘማሪ የሆነችው ልጁ ነሻማ ካርሊባኽ በይፋ ጽፋ፣ ሴቶቹን እንደምትሰማቸውና አብራቸው እንደምታለቅስ ተናገረች። አንዳንድ ምኩራቦችም ዜማዎቹን ለጊዜው ለማቆም ወሰኑ።

እኔ የምጸልይባት ምኩራብ ትንሽ ናት፤ አርባ ሰው ብንሆን ነው። እኛም ስለዚሁ ተሰብስበን ተነጋገርን። አንዷ ምእመን፣ ያ ዜማ ሲነሣ አብሬ መነሣት አልችልም አለች። አንድ ሽማግሌ፣ ዳዊትም ኃጢአት ሠርቷል፣ መዝሙሩን ግን ከመጽሐፍ አላወጣነውም አሉ። ይህ ክርክር በየቦታው የሚነሣ ነው፤ ለኔ ግን አይዋጥልኝም። ዳዊት ንጉሥ ሆኖ ሳለ ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ቆሞ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል፣ እርሱም «በድያለሁ» ብሏል፤ ታሪኩም ከመዝሙሩ ጋር እኩል ይነበባል። ለእነዚያ ሴቶች በጊዜው ናታን አልተነሣላቸውም። ዜማውን የምናስቀር ከሆነ ታሪኩንም አብረን መናገር አለብን፤ ሴቶች በሚመሩት ጸሎት ውስጥ ሴቶች የከሰሱት ሰው ዜማ ሲዜም፣ ቢያንስ የሚዘምሩት ሁሉ ያንን እያወቁ ሊዘምሩ ይገባል። እስካሁን የደረስኩበት ይህን ያህል ነው፤ ሌላው ሰው ከዚህ የተለየ ቢወስን አልሟገተውም።

በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ተገለጠ። ለሙከራ ያህል 29ኛውን መዝሙር ለጥቂት ሳምንታት በሌላ ዜማ እናድርገው ተባለ። ማን ሌላ ያውቃል? ተያየን። አያቶቹ ከፖላንድ የመጡት የአያቶቹን አያውቅም፤ ቤተሰቧ ከሞሮኮ የመጣችው ትንሽ ጀምራ መሐል ላይ ጠፋት። አንድ ዜማ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሌሎቹን ቦታ ሁሉ ወርሶ ነበር። ሁሉም እንዲዘምር የተሠራ ነገር፣ ቀላል በመሆኑ ብቻ፣ ለመማር ዓመታት የሚፈልጉትን ዜማዎች ከቤት አስወጣቸው። ሰውዬው ይህን ይፈልግ ነበር አልልም፤ ሆኖም ሆነ።

ያን ጊዜ ነው የአያቴ ጥያቄ የተመለሰብኝ። በእኛ መንደር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይቆማል፤ ወንዝ ተወርዶ ገላ ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለበሳል፣ እሳት ይጠፋል። ቄሶቹ በግዕዝ፣ አልፎ አልፎም በአገውኛ፣ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ሰንበትን በአካል የምትናገር ሴት አድርጎ ማየትም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ሰንበት በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስለ ሰዎች የምትማልድ ናት። የጽፋት ሊቃውንት በሙሽራ ሲመስሏት፣ የእኛዎቹ በአማላጅ መሰሏት፤ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ። ያም ሆኖ፣ እኔ በተማርኩበት ቤት ያ የዘመናት ዜማ «የኢትዮጵያ ባህል» ተብሎ ለበዓል ቀን ትርኢት ሲቀመጥ፣ የአንድ በሕይወት ያለ ሰው ዜማ «ጸሎት» ተብሎ ተሰጠን። ቄሶቻችን ጋብቻ እንኳ የመባረክ ሥልጣን በመንግሥት ረቢዎች ዘንድ ባላገኙበት ጊዜ፣ ዜማቸው ቦታ ያገኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

በደሉ ግን ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ይህን መካድ አልችልም። የአያቴ ጸሎት የቄሶች ጸሎት ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች፤ «ሃሌ ሉያ» ከሚለው መልስ በቀር አብራ ያዜመችው የለም፤ የግዕዙንም ትርጉም አታውቅም። ሸክሙ በጥቂት ትከሻዎች ላይ ነበር፤ እነዚያ ትከሻዎች ባሕር ተሻግረው ሲደክሙ የሚቀበላቸው አልተገኘም። አያቴ በ2003 ሲያርፉ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል አንድ ሙሉ የሰንበት ጸሎት ይዞ የቀረ አልነበረም፤ እኔ ያለኝ ጥቂት ስንኝና በካሴት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፃቸው ነው።

ከስብሰባው በኋላ ያን ካሴት አወጣሁ። የሚያዜሙት 94ኛውን መዝሙር ነው፤ «ንዑ ንትፌሣሕ» የሚለውን። አንዱን ቃል እያስረዘሙ፣ እያዞሩ፣ ትንፋሽ በማይወሰድበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰዱ ይሄዳሉ፤ ለመከተል ሞክሬ ብዙ ጊዜ ወደቅኩ። በመጨረሻ ማድረግ የማልፈልገውን አደረግኩ። ከረጅሙ ዜማ ውስጥ ጆሮዬ የያዘውን አራት አጭር ሐረግ አወጣሁ፤ ሁለቱን ዝቅ ብለው፣ ሁለቱን ከፍ ብለው የሚዜሙትን፤ እንዲደጋገሙም አደረግኳቸው። ካደረግኩ በኋላ ነው የማንን አሠራር እንደ ተከተልኩ የገባኝ።

ባለፈው ክረምት ዓርብ ማታ እንድመራ ተራ ሲደርሰኝ የመጀመሪያውን መዝሙር በዚያ ጀመርኩ። ቃሉን በዕብራይስጥ ፊደል ጽፌ በየወንበሩ አስቀምጬ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ብቻዬን ነበርኩ፤ ድምፄም ተንቀጠቀጠ። በሁለተኛው ጥቂቶች ገቡ። በሦስተኛው አንድ ሰው ጠረጴዛውን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ከኋላ ረድፍ እናቴ፣ ከ«ሃሌ ሉያ» ሌላ አውጥታ የማታውቅ ሴት፣ «ንዑ» ስትል ሰማኋት። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ሁሉም ከካሴቱ በተለየ መንገድ ይዞሩታል፤ ለማቅናት ሞክሬ ተውኩት፣ አሁን እኔም እንደ እነሱ ነው የማዞረው። ከጸሎቱ በኋላ ከጎረቤት ልጆች አንዱ ዜማው የማን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። የአያቴን ስም ነገርኩት፤ ቀጥዬም ወደዚህ ቅርጽ ያመጣሁት እኔ እንደ ሆንኩ፣ ያመጣሁበትን መንገድም ከማን እንዳገኘሁ፣ ስለዚያ ሰው የሚነገረውንም፣ ለዕድሜው በሚመጥን ቃል ነገርኩት። መልሱ ስለ ረዘመበት መሐል ላይ ትቶኝ ወደ እራቱ ሄደ።